ዋንዛው ላይ የተደገፉት ግንዶች

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ

ልጄ ጌታቸው የቡናውን ጫካ በር በግንዶቹ መልሶ ዘጋው። በገዛ እጁ። የሰፈሩ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ውጭ ቆመው እያዩት አንዱን ግንድ ከዋንዛው ላይ አነሳና በሩ ላይ አጋደመው። ሁለተኛውንም። ከዚያ ዘበኛውን ባይሳን ጠርቶ እሾህ እንዲጨምርበት አዘዘው።

እኔ ማስጫው ላይ ቡና እያገላበጥኩ ነበር። አየሁ። አልተናገርኩም።

ባለቤቴ ደበላ በሕይወት ሳለ ለቀማው ሲያበቃ የሚያደርገው እንዲህ ነበር። የቡናው ጫካ በር ላይ የተጋደሙትን ሁለት ግንዶች ያነሳና ዋንዛው ላይ ያስደግፋቸዋል። ይኸው ነው። ግቡ አይልም፣ ማንንም አይጠራም። የሰፈሩ ሴቶች ግንዶቹ ተደግፈው ሲያዩ ይገባሉ፣ ከለቀማ የተረፈውንና መሬት ላይ የረገፈውን ይቃርማሉ። የልጆቻቸው የገና ልብስ የሚወጣው ከዚያ ነው። ጨውም፣ የፋኖስ ጋዝም። ዘንድሮም ባይሳ ለቀማው ማለቁን አይቶ እንደ ልማዱ አነሳቸው። ልጄ ጌታቸው ግን ዘበኛው ተዝረክርኮ በሩን ክፍት የተወው መሰለው።

«ለቀማው አልቋል። ከእንግዲህ እዚህ የሚገባ ሌባ ነው» አላቸው። በአማርኛ። ገሚሶቹ አማርኛ አይሰሙም። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጫልቱ ወደ ኦሮምኛ መለሰችላቸው። ሌባ የምትለዋን ቃል ደጋግማ ነው የመለሰቻት፣ ያልሰማ እንዳይኖር።

ልጄ ይህን ልማድ አያውቀውም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጎሬ ነው የተማረው። ለገና ወደ መቱ ሲመጣ ጫካው ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ አልቆ ነው።

ረቡዕ

ለምን ዝም እንዳልኩ እዚህ ልጻፈው። ሌላ ቦታ መናገር አልችልም።

በደበላ ሙት ዓመት ወንድሙ ኢታና ከሁሩሙ ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ጫካው የአባታችን ነው። አንቺ መልካም ሴት ነሽ የሺ፣ ልጆችሽ ግን ቡናን የሚያውቁት ስኒ ውስጥ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ተስማማን። ዘንድሮ ከለቀማ እስከ ገና ጌታቸው ብቻውን ያስተዳድራል። እኔ አላዝም፣ አልመክርም፣ አላርምም። ገና ሲሆን ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ጫካውን ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ይችላል ከተባለ ኢታና ከጫካው ላይ እጁን ያነሳል። አይችልም ከተባለ ልጆቹ እስኪበስሉ ጫካው በኢታና ሥር ይሆናል። እስኪበስሉ! ኢታና እጅ የገባ መሬት ሲመለስ እስካሁን አላየሁም።

መስቀል ስሜ ነው ቃሌን የሰጠሁት።

ለጌታቸው የምመሰክርለት፦
ቀይ ቀዩን ብቻ አስለቀመ።
ማስጫው ላይ ሻጋታ አልገባም።
የአንድም ለቃሚ ድካም አልበላም።
ጠጅ ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

የሚያስፈራኝ፦
ማንንም አይጠይቅም።
ከጎሬ ያመጣትን ባርኔጣ አያወልቅም። ሽማግሌ ሲያልፍ በጣቱ ነካ ያደርጋታል፣ በቃ።
ኦሮምኛውን እዚያው ጥሎት መጥቷል። ሕፃን ሳለ ከአባቱ ጋር በሌላ ቋንቋ አያወራም ነበር።

እራት ላይ ልጄ አልማዝ ነካካችው። ታናሹ ናት፣ ምላሷ ግን ታላቅ ነው። «ጋሼ ጌታቸው፣ ጦጣዎቹንስ መቼ ነው የምታስራቸው? እነሱም እኮ እየቃረሙ ነው» አለችው።

«ጦጣ ቅርጫት ይዞ አይመጣም።»

«ሴቶቹ ቅጠል ሥር የወደቀ ነው የሚያነሱት። አንተ ልታነሳው ነው?»

«አስነሳዋለሁ። እማዬ አይደለችም እንዴ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ እንዳትቀር እያለች ያሳደገችን? ንገሪያት እንጂ እማዬ።»

እውነቱን ነው። ትንሽ ልጅ ሆኖ ከእፍኙ አንዲት ፍሬ ስትወድቅ መልሼ እልከው ነበር። ያስተማርኩትን ይዞ ነው ያደገው።  ተነስቼ ሳህኑን አነሳሁ።

ሐሙስ

ጫልቱ ተያዘች።

በወንዙ በኩል ሾልካ ገብታ ነበር። ባይሳ ይዞ ማስጫው ላይ አመጣት። ይዞ ማለቴ፣ ከፊት ከፊቱ እየተሳደበች መጣች፣ እሱ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ። ጌታቸው ቅርጫቷን ተቀብሎ የእኛ ክምር ላይ አፈሰሰው። አልሰደባትም፣ እጁንም አላነሳባትም። ሥራ እንደሚሠራ ሰው አፈሰሰና ባዶውን መለሰላት።

ጫልቱ ቅርጫቱን አልተቀበለችም። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና ፊቱ አራገፈችው። «ይኸውልህ የደበላ ልጅ፣ እጥፋቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንዳትቀርብህ። ጫማ የለኝም እንጂ እሱንም አራግፍልህ ነበር።»

ለቃሚዎቹ ገና ሂሳባቸውን ለመቀበል ቆመው ነበር። ማንም አልሳቀም። እኔን አየችኝ ጫልቱ። ትናገራለች ብላ ጠበቀችኝ። ደበላ የሞተ ለት ገላውን ለማጠብ ውኃ የቀዳች ሴት ናት። እኔ ቡናዬን አገላበጥኩ።

ባዶ ቅርጫቷ ማስጫው ዳር ቀርቷል።

ዓርብ

የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስዘረጋ ዋልኩ። ፊደል የለየሁት በዚህ ነው፤ ባለ ሱቁ ጨውና ስኳር በሚጠቀልልበት ቁራጭ። ሁልጊዜ ወሬው መሐል ላይ ይቀደዳል። ከማውቀው ነገር የብዙውን መጨረሻ አላውቅም።

ዛሬ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ሳይቀዱ ገለል አሉ። ተራ የሰጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሸሽተውኝ ነው።

ቅዳሜ

ገበያ ላይ ኢታና አገኘኝ። ከሁሩሙ ማር ይዞ መጥቷል። ከበቅሎው ወረደልኝ፤ ወርዶልኝ አያውቅም።

«ልጅሽ ጎበዝ ወጣው ይባላል» አለኝ። «ጥብቅ ነው አሉ። ሌባ አያስጠጋም አሉ።»

«አሉ» አልኩት።

«አንቺ ብቻ ቃልሽን ጠብቂ። ሴት ጣልቃ ከገባችበት ግን የልጁ አስተዳደር ነው ማለት አንችልም። ታውቂያለሽ የሺዬ።»

የሺዬ! አንድም ቀን እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ፈገግታው ውስጥ ሁሉ ነገር ታየኝ። ገና ሲሆን ሽማግሌዎቹ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ጎረቤት ማለት ጫልቱ ናት። ጎረቤት ማለት እነዚያ ግንዱ ፊት ቆመው የተሰደቡት ሴቶች ናቸው። ኢታና ምንም ማድረግ የለበትም። እኔ ዝም ብል ይበቃዋል።

አዎ፣ ብናገርም ይበቃዋል።

ጨው ረስቼ ተመለስኩ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን የሴቶቹ ቦታ ላይ በዙሪያዬ ክፍት ሆኖ ዋለ። ጸሎት ማድረግ አልቻልኩም፣ ደበላን ስወቅስ ነበር። ሁሉን ነገር ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። ግንዱን ዝም ብሎ ያነሳል፣ ዝም ብሎ ይዘጋል። ልጁን አንድ ቀን እጁን ይዞ «ይህን የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎት ቢሆን ምን ነበር? ጫካውን ለልጆቹ ተወ፣ ዝምታውን ለእኔ።

እኔም ያስተማርኩትን ሳስበው ሁሉም መያዝ ነው። ያዝ፣ ሰብስብ፣ ሸፍን፣ እንዳይረጥብ፣ እንዳይወድቅ። ሰው ሀብት ሲይዝ የማይነካው ክፍል እንዳለው አንድም ቀን አልነገርኩትም። መነገር እንዳለበት እንኳ አላሰብኩም። የሚታወቅ ነገር ነው ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ ቆጣ ብላ መጣችብኝ። «አንቺ ዝም ስትዪ እሱ ልክ የሆነ ይመስለዋል።»

«ከተናገርኩ ጫካው ለአጎትሽ ነው።»

«ዝም ካልሽም ለአጎቴ ነው።»

«ከተናገርኩ ደግሞ ሽበት እስኪያወጣ የእናቱ ልጅ እንደተባለ ይኖራል። ባይሳ እንኳ አይታዘዘውም።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው? ቡና ታገላብጪ?»

ልጅ ለእናቷ የምትናገረው አይደለም። ቡናዬን ላገላብጥ ሄድኩ። የጫልቱ ባዶ ቅርጫት ማስጫው ዳር እዚያው አለ።

የማልኩት ላለማዘዝ፣ ላለመምከር፣ ላለማረም ነው። ላለመቃረም አልማልኩም።

ሰኞ

የድሮ ቀሚሴን ለበስኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የጫልቱን ቅርጫት ይዤ በወንዙ በኩል ዞሬ ገባሁ። እሾህ ያዘኝ፣ ቀሚሴ ተቀደደ። በገዛ ጫካዬ።

መቃረም እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ፍሬው ቅጠል ሥር ነው፣ እርጥብ ቅጠል ሥር። እየዳበስሽ ታገኚዋለሽ። ግማሹ የጠቆረ ነው። ቅርጫቱ ከታች ሳይሸፈን ወገቤ ተሰበረ። ለዚህ ነው ወይ ሌባ የተባሉት አልኩ፤ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ባይሳ አገኘኝ። በመጀመሪያ እጅ ነሳ። ከዚያ ቅርጫቱን አየ።

«እሜቴ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ምንም። እየቃረምኩ ነው።»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ፣ የሚያድነው ሰው ያለ ይመስል። «አይ እሜቴ፣ በእኔ አይቀልዱ። መያዝ ሊኖርብኝ ነው እኮ።»

«ምን ተብለህ ታዘዝክ?»

«ማንም ቢገባ ያዝ ተብዬ።»

«እንግዲያው ያዘኛ።»

እጄን ሊይዝ ዘረጋና ተወው። በመጨረሻ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ፣ ገበያ ላይ እናቱ እንዳትጠፋው እንደሚፈራ ሕፃን። ቅርጫቱን ልሸከምልዎት ሲል እንቢ አልኩት። በዋናው መንገድ ውሰደኝ አልኩት። ለማለፊያ ግንዱን አነሳ፣ አለፍን፣ መልሶ ዘጋ። ጫልቱ ደጇ ላይ ገብስ ስትወቅጥ ነበር። ሙቀጫው ዝም አለ። ከዚያ የሰፈሩ አጥር ሁሉ ሰው በሰው ሆነ።

ጌታቸው ማስጫው ላይ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»



«ጌታዬ፣ በወንዙ በኩል ገብታ… ገብተው ነው የተያዙት» አለ ባይሳ። ሌባ አንቺ ይባል አንቱ ግራ ገብቶታል።

ልጄ አጥሩ ላይ ያለውን ሰው አየ፣ ቀሚሴን አየ፣ ቅርጫቱን አየ። የማን ቅርጫት እንደሆነ ያወቀ መሰለኝ። ይተወኛል ብዬ ነበር። ወይም ይጮኽብኛል ብዬ። ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበለና የጫልቱን ያፈሰሰበት ክምር ላይ አፈሰሰው።

ጠላሁት። ደግሞም ኮራሁበት፤ ለእናቱ ያላዳላ ሰው ለማንም አያዳላም። ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ ሁለቱም ነበሩና።

ከዚያ የቀሚሴን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩና አራገፍኩ። አንዲት ፍሬ ከቅዳዱ ወደቀች። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ ሳያስበው፣ እንዳሳደግኩት። ክምሩ ላይ ሊጥላት ዘረጋ። እጁ እዚያው ቀረ።

ከአጥሩ በኩል የጫልቱ ድምፅ መጣ፤ «እትዬ የሺ! ዛሬስ ጓደኛ አገኘሁ!»

ማክሰኞ

 ምሳ ብቻውን በላ። እራት ብቻውን በላ።

ምናልባት ኢታና ተመኝቶ ያላገኘውን በገዛ እጄ አደረግኩለት። ልጄን በሰው ፊት አዋረድኩት። ወሬው እስከ ሁሩሙ ደርሷል ይባላል። ሽማግሌዎቹ «ቃሏን አፈረሰች» ይሉ ይሆናል። አልማዝ «መቃረም ማዘዝ ነው እንዴ?» ትላለች። ኢታና ነገሩን እንዴት እንደሚያጣምመው አታውቅም። የወገብ ሕመሜ ቀላሉ ነው።

ማታ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ጌታቸው ባይሳን ጠርቶት ነበር። «ያን ቀን ግንዶቹን ለምን አነሳሃቸው?»

«ለቀማው አለቀ። ጋሼ ደበላ ለቀማው ሲያልቅ ያነሷቸው ነበር፣ ሴቶቹ እንዲገቡ።»

«ሁልጊዜ?»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሁልጊዜ። ከእኔ በፊትም ይባላል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ ጌታዬ። እሾህ ጨምር አሉኝ፣ ጨመርኩ።»

 ባይሳ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አገኘኝና እንደገና እጅ ነሳ።

ረቡዕ

ጠዋት ግንዶቹን አነሳቸው። እሾሁን በእጁ ነቀለ፣ ደማ። ሁለቱንም ግንድ ዋንዛው ላይ አስደገፈ። አባቱ ያስደግፍበት ከነበረው ጎን አይደለም፣ ግን አስደገፈ።

ከማስጫው ላይ አየሁት። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ እያለኝ ጠበቅኩ።

ማንም አልመጣም።

ሴቶቹ በመንገዱ አለፉ፣ ወደ ወንዝ ሄዱ፣ ከወንዝ ተመለሱ። የተደገፈውን ግንድ አዩ። አዩና አለፉ። ጉሬዛ ብቻ ገባ። ጌታቸው በሩ አጠገብ ሲንጎራደድ ዋለ፣ ባርኔጣውን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያደረገ። ፍሬው ቅጠል ሥር እየጠቆረ ነው። ጥቂት ቀን ቢቆይ ለማንም አይሆንም።

ምሽት ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። በርጩማ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ።

«እማዬ፣ ለምን አይመጡም?»

ከለቀማው መጀመሪያ እስከ ዛሬ ስለ ጫካው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።  አፌን ልከፍት ስል ቃሌ ትዝ አለኝ። መምከር ነው? ማረም ነው? ደበላ ያደርገው የነበረውን መናገር ምክር ነው? አላውቅም። ሽማግሌ ፊት ብቀርብ ይህችን ብቻ ተናገርኩ እላለሁ።

«አባትህ ግንዱን አንዴ ካነሳው ሴቶቹ ፊት መልሶ ዘግቶ አያውቅም።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከቀሚሴ የወደቀችውን ፍሬ ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ ሲያሽከረክራት አየሁ። አሁንም አልጣላትም።

«እና አሁን?»

ይህን ብመልስለት ምክር ይሆን ነበር።

ሐሙስ

ከቁርስ በፊት ወጣ። የጫልቱን ባዶ ቅርጫት ይዞ ነው የወጣው። ቡና ሞልቶ ይወስድላታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ካሳ ይሆናል፣ እሷም ፊቱ ላይ ትደፋው ነበር። ባዶውን ወሰደ። ይህን ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም።

ይህን የምጽፈው በሩ አጠገብ፣ ዋንዛው ሥር ተቀምጬ ነው። የጫልቱ አጥር ፊት ለፊቴ ነው።

«እትዬ ጫልቱ፣ አከም ቡልተኒ!» ብሎ ጀመረ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ኦሮምኛው ተሰባብሯል፣ ሕፃን ሳለ ይናገረው የነበረው አይደለም። የቀረውንም በዚያው ቋንቋ ነው የተነጋገሩት። ውሻው ጮኸበት። ሳይመለስ ቆመ።

ከውስጥ፣ «ማነው?» አለች። ድምፁን ታውቀዋለች።

«ጌታቸው ነኝ።»

«የትኛው ጌታቸው?»

«የደበላ ልጅ።»

«ደበላን አውቀዋለሁ፣ ሞቷል። የዚህን ልጅ እናትም አውቃታለሁ፣ ሌባ ናት፣ አብረን ተይዘናል። ልጁን ግን አላውቀውም።»

ውስጥ ብዙ ሴቶች ሳቁ። ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው። ጌታቸው ጆሮው ቀላ። አሁን ይመለሳል አልኩ። እንዲመለስ ተመኘሁ፣ እውነቱን ለመናገር፤ ልጄን ደጅ ሲያቆሙት ማየት ከበደኝ።

«እንድታውቁኝ ነው የመጣሁት» አለ። ወይም እንደዚያ ሊል ፈልጎ ሌላ ነገር አለ፤ ኦሮምኛው አልተገናኘለትም። እንደገና ሳቁ። ይህኛው ሳቅ ትንሽ የተለየ መሰለኝ። ምናልባት እንዲለይ ስለፈለግኩ ይሆናል።

በሩ አልተከፈተም። «ሥራ ላይ ነን፣ ቆይ» ተባለ። ገና ሊሆን ምን ቀረው? ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይህች ሴት ምን እንደምትመሰክር ማንም አያውቅም፣ ራሷም ያወቀች አይመስለኝም። ኢታና ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ፀሐዩ በረታ። ልጄ አሁንም እዚያው ነው። ቅርጫቱን በአንድ እጁ ይዟል። ባርኔጣውን አውልቆ በሌላኛው።